ኔልማና ከማላይታ የመጣው ጠላቂ

ኔልማ ትከሻዋ ሰፊ፣ ድምፅዋ ከታንኳ ታንኳ የሚሰማ፣ ሳቅ የማትቆጥብ ሴት ነበረች። በማሮቮ ባሕር ዳር፣ ከመንደራቸው ፊት ለፊት ያለው ኮራል፣ ዓሣ የሚራባበት የባሕር ድንጋይ፣ የአባቷ ወገን ርስት ነው፤ አባቷ ሲሞቱ ጥበቃው ለእሷ ደረሰ። ሳያስፈቅድ መረብ የጣለ ሁሉ መቅዘፊያዋን ቀምሷል። ሳታገባ መቆየቷን አክስቷ ሎዛ ሲያነሱባት፣ «የሚሸሹት ወንዶቹ ናቸው፤ እኔ መቼ ሮጥኩ?» ትላለች።

አንድ ጠዋት ኮራሉ ላይ የማታውቀው ታንኳ ታስሮ አገኘች። አንድ አጭር፣ ቀጭን ሰውዬ የመጥለቂያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከውሃው ብቅ አለ። ኳይማኒ ይባላል፤ ማላይታ ከምትባል ሩቅ ደሴት የመጣ ጠላቂ ነው። የባሕር ማዶ ሰዎች በመስታወት ገንዳ የሚያኖሯቸውን ትንንሽ ዓሦች እየያዘ ለነጋዴ ያቀርባል።

«ማን ፈቀደልህ?» አለችው።

«የወዲያ መንደር ሽማግሌ።»

«የሳቸው ድንበር ከዚያ ጥቁር ድንጋይ ወዲያ ነው። ምን ወሰድክ?»

«ዛሬ ምንም። ትናንት ግን ከዚህ ከባሕር አበባው ውስጥ ትልቋን ብርቱካናማ ዓሣ ወስጃለሁ። የነጋዴው ጀልባ ወደ ሆኒያራ ከተማ ይዟት ሄደ።»

ኔልማ ዓሣዋን ታውቃታለች። በሚናደፈው የባሕር አበባ ክንዶች መሃል ከትንሽ ባሏና ከሁለት ደቃቃ ጥገኛ ዓሦች ጋር የምትኖር፣ የተጠጋውን ሁሉ የምታባርር፣ የሰው እጅ እንኳ የምትነክስ ደፋር ነበረች።

«የቤቱን እመቤት ወስደህ ባልየውን ሜዳ ላይ ጣልከው!»

«ሜዳ ላይስ አይቀርም። እሱ ራሱ ሴት ይሆናል። ከጥገኞቹ ተለቅ ያለው ደግሞ ባል ይሆነዋል።»

ኔልማ ታንኳዋ እስኪወዛወዝ ሳቀች። «ውሸትም እኮ ልክ አለው፣ ወንድሜ!»

«እንወራረድ» አለ ሰውዬው።

ተወራረዱ። ውሸት ከሆነ ሁለተኛ ማሮቮን ላይረግጥ፤ እውነት ከሆነ እሷ ጎደሬ በኮኮናት ወተት ሠርታ ልታበላው። ኳይማኒ በእሜቴ ሎዛ ጓዳ አጠገብ ማደሪያ ተሰጠው። ነጋዴው ሰው ልኮ ቢያስጠራው፣ «ጉዳይ ይዣለሁ» ብሎ ቀረ።

ባልየውን መለየት አይቸግርም፤ መሃል ወገቡ ላይ ያለው ነጭ መቀነት የተቆረጠ ነው። ጠዋት ጠዋት ሁለቱ አብረው እየቀዘፉ ሄደው ይጠልቃሉ። መጀመሪያ ላይ ዓሣው ፈርቶ ከአበባው አይወጣም ነበር። እየዋለ እያደረ ግን ወፈረ፣ ደፈረ፣ ጥገኞቹን ያስደነግጥ ጀመር። አንድ ቀን የኳይማኒን ጣት ነከሰው።

«ይኸው! አሁን እመቤት ሆነች» አለ ጣቱን እየመጠጠ።

«ንክሻ ምን ማስረጃ ይሆናል? እኔም እነክሳለሁ» አለች ኔልማ።

ሲመለሱ እሜቴ ሎዛ ዳርቻው ላይ ቆመው ይጠብቋቸዋል። «አንቺ ልጅ፣ በየቀኑ የምታዪው ዓሣውን ነው ሰውዬውን?»

«ሁለቱንም፣ እትዬ። ሁለቱም ትንሽ ስለሆኑ ጠጋ ብሎ ማየት ይጠይቃል።»

ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት ኔልማ ከአበባው ሥር፣ ድንጋዩ ላይ፣ እንደ ምንጣፍ የተነጠፈ ብርቱካናማ እንቁላል አየች። ባለ ቁራጭ መቀነቷ ሆዷን ድንጋዩ ላይ እየጎተተች ገና ትጨምራለች፤ ከጥገኞቹ አንዱ የነበረው ከኋላዋ ይከተላል። እናትየዋ ጨርሳ ወደ ድንበሯ ስትወጣ፣ አባትየው በክንፎቹ እንቁላሉን እያራገበ ቀረ። ኔልማ ትንፋሿ እስኪያልቅ አየች። ብቅ ብላ ጨዋማውን ውሃ ተፋችና፣ «አሸነፍከኝ፣ አንተ ሰውዬ!» አለች።

ጎደሬው ተበላ። ኳይማኒ እጁን ታጥቦ፣ «ብታገቢኝስ?» አላት።

«ማላይታ አልሄድም።»

«ማን ሂጂ አለሽ? እኔ አለሁ አይደል?»

ተጋቡ። ዓሣ መያዙን ትቶ ታንኳ መጥረብ ያዘ። ሴት ልጅ ስትወለድላቸው አዝሎ የሚያስተኛት እሱ ነው፤ ኔልማ ኮራሉን ትዞራለች። ጎረቤቶች ቢስቁበት፣ «እሷ ልጅ ስታስተኛ ሰምታችኋል? መንደሩ ይነቃል» ይላል።

ልጅቱን ሊያጠምቅ አዲስ ፓስተር ይመጣል ተባለ። የዚያን ዕለት ኔልማ ኮራሏ ላይ አንድ የማታውቀው ታንኳ ሲንሳፈፍ አየችና እየጮኸች ቀዝፋ ደረሰች፤ ታንኳው ላይ ያለው ሰውዬ አፉን ሳይከፍት በመቅዘፊያዋ ውሃ ከራሱ እስከ እግሩ አለበሰችው።

«እኔ... ለጥምቀቱ ነበር የመጣሁት» አለ ፓስተሩ ዓይኑን እየጠረገ።

ነጭ ልብሱ እየተንጠባጠበ ልጅቱን አጠመቀ። ኳይማኒ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን በሕፃኗ መጠቅለያ ውስጥ ቀብሮ ነበር፤ ኔልማ ግን ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ፣ «አሜን!» አለች።