ያለ ዓቅሙ የረዘመው ሩዝ

ባለፈው እሑድ፣ ዩኒቨርሲቲ የእፅዋት ትምህርት የምታጠናው የወንድሜ ልጅ ስልኳን ፊቴ ላይ ደቀነችው። የሁለት የሩዝ ቡቃያዎች ፎቶ ነው፤ አንዱ አጭርና ደማቅ አረንጓዴ፣ ሌላው ረጅም፣ ቀጭን፣ ገርጣ ያለ።

«አክስቴ፣ ጤነኛው የትኛው ነው?»

«አጭሩ።»

«በምን አወቅሽ? ሰው ሁሉ እኮ ረጅሙን ነው የሚለኝ!»

ረጅሙን ከዘሩ ጋር የመጣ ፈንገስ ይዞታል አለችኝ። ፈንገሱ የእድገት ሆርሞን እያመረተ ተክሉን ያለ ዓቅሙ ይመዘዋል፤ ፍሬ ሳይቋጥርም ይደርቃል። የቀረውን አልሰማኋትም።

አባቴ ቁይ ከተማ አጠገብ ውሃ የሚተኛበት ማሳ ነበረው። ከፎገራ ዘመድ የሩዝ ዘር አምጥቶ በዘራበት ዓመት እኔ ገና ፊደል ያልቆጠርኩ ኮረዳ ነበርኩ። ነሐሴ ላይ ከቡቃያው ብዙው ተመዝዞ ረዘመ። አባቴ ደስ ብሎት፣ አጫጭሩን ነቅዬ ለረጅሙ ቦታ እንድለቅ አዘዘኝ።

«አባዬ፣ ረጅሙ እኮ ቀጭን ነው። መልኩም ገርጥቷል።»

«አንቺስ ቀጭን አይደለሽ? መች ሞትሽ?»

ጭቃው ውስጥ ተጎንብሼ ነቀልኩ። ምሳዬን በሶ ስበላ እንኳ እጄ ረግረግ ረግረግ ይሸት ነበር።

አያ ደሴ የአባቴ መቀናጆ ነበር፤ አንድ አንድ በሬያቸውን አጣምረው ተራ በተራ ያርሳሉ። አንድ ቀን በማሳው ሲያልፍ፣ «ይሄ ሩዝ ነው ሸምበቆ? አንተ ሰውዬ ልትደበቅበት ነው?» ብሎ ሳቀ። «ከዓይን ያውጣው» ማለቱን ግን ረሳ። አባቴ አልረሳለትም።

መስከረም ሲጠባ ረጅሙ ሁሉ እንደ ገለባ ደረቀ፤ ራስ ያወጣውም ባዶ ነበር።

«ደሴ በዓይኑ በላው» አለ አባቴ። በማግስቱ በሬውን ለይቶ አመጣ። አያ ደሴ ደጃችን ቆሞ፣ «ወንድሜ፣ ምን አድርጌህ ነው? በልጆችህ ይዤሃለሁ፣ ንገረኝ» ሲል በሩ ሥር ነበርኩ። አባቴ በሩን ዘጋበት።

ማሳው ዳር ሳልነቅለው የቀረ ጥቂት አጭር ሩዝ ፍሬ ይዞ ቆሞ ነበር። አባቴን እጁን ይዤ ወስጄ አሳየሁት።

«አጭር ነዋ» አለኝ። «ደሴ አላየውም።»

በሚቀጥለው ክረምት ሁለቱም አንድ አንድ በሬ ታቅፈው ቀሩ። አያ ደሴ እንደተኳረፉ ሞተ።

ሰኞ ፎቶውን ይዤ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። አርጅቷል፤ ስልኩን አርቆ፣ ደግሞ አቅርቦ አየው።

«ሻጋታ ነው የምትይኝ?»

«አዎ አባዬ። መጀመሪያውኑ ዘሩ ላይ ነበር።»

ስልኩን መለሰልኝ።

«ዘሩ ደጅ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሳለ» አለኝ፣ «ደሴ መጥቶ አይቶታል።»

ያን ቀን በሩ ሥር ስቆም የጎደለኝ ለአያ ደሴ ጥያቄ የሚሆን መልስ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዘግይቼ ትምህርት ቤት ገባሁ፣ መልሱንም አገኘሁት። ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ የአባቴን ጋቢ ትከሻው ላይ አስተካከልኩለት።