የማውዘሩ መዝጊያ

ሞርሳ የሚለውን ስም ያወጣላት ወንድሟ ነው። ሞርሳ ያው ጠረጴዛ ላይ ታስሮ ብረት ጥርቅም አድርጎ የሚይዘው መሣሪያ ነው፤ አንዴ ከነከሰ ካልፈቱት አይለቅም። ለስድብ ነበር ያወጣው። እሷ ግን ወደደችው፤ ከዚያ ወዲያ በሌላ ስም የሚጠራት ቢኖር ዞር ብላም አታይ።

ሙያዋ አሮጌ ጠመንጃ ማደስ ነው፤ በተለይ የጀርመን ማውዘር። ሴትና ጠመንጃ ምን አገናኛቸው የምትሉ ካላችሁ፣ ስትሰማው የኖረችው ነውና አዲስ ነገር አላመጣችሁም። የአባቷ ሱቅ ሁለት ክፍል ነው። ከፊት ወንድሟ ክራቫቱን አስሮ ደንበኛ ይቀበላል፤ ከኋላ፣ መስኮቱ ሥር፣ እሷ ዘይት የጠገበ ሽርጧን ታጥቃ ትሠራለች። ደንበኛ ጠመንጃ ሲያመጣ ወንድሟ ተቀብሎ ወደ ኋላ ይዞ ይገባና እሷ ታየዋለች። ማየት ስል ማየት ነው! ዘውድና ከዘውዱ ሥር አንድ ፊደል የተመታበት ከሆነ የንጉሣቸው ዘመን ሥራ ነው፤ ንስር ከሆነ ከዚያ የዘገየ ነው። ዋናው ግን ቁጥሩ ነው። ጀርመኖቹ የጠመንጃውን ቁጥር ግንዱ ላይ ብቻ መትተው አልተዉትም፤ የቁጥሩን መጨረሻ በየዕቃው ላይ፣ ብሎን እንኳ ሳይቀር፣ መትተውበታል። ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ዕቃ ካለ ራሱን ያጋልጣል። ይህን ሁሉ ትነግረዋለች፤ ወንድሟ ወደ ደንበኛው ይመለስና ዓይኑን በጨው ታጥቦ "አይቼዋለሁ" ይላል።

ሥራው ሲያልቅ የሠሪው ምልክት ይመታበታል። ምልክቱ የአባታቸው ኮከብ ነው። አባታቸው ሲሞቱ ኮከቡን የወረሰው ወንድ ልጃቸው ስለሆነ፣ እሷ የጠገነችው ሁሉ በእሱ ኮከብ ይወጣል። አንድ ጊዜ የራሴን ምልክት ልምታ ብትለው፣ ሰው ምን ይለናል ብሎ ሳቀባት። ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ነገሩ ግን አንጀቷ ውስጥ ቀረ።

እንዲህ እያሉ አዲስ ደንብ መጣ። አሮጌ ጠመንጃ ያለው ሁሉ አምጥቶ ያስመዝግብ ተባለ። ሙሉ ሆኖ ዕቃው ሁሉ የራሱ የሆነ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ የጎደለው ወይም ከሌላ የተገጣጠመው በእሳት ተቆርጦ ቁርጥራጭ ይሆናል። ሰው ሁሉ የየራሱን ጓዳ ማገላበጥ ጀመረ።

በእነሱም ቤት የአባታቸው ማውዘር አለ። አባቷ ፈታትተው ጨርቅ ላይ ዘርግተው "በይ ግጠሚው" ያሏት፣ ሙያዋን የጀመረችበት ጠመንጃ ነው። ምን ያደርጋል፣ መዝጊያ የለውም። መዝጊያ የሚሉት ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋውን ባለ እጀታ ብረት ነው። ወንድሟ በጎረምሳነቱ ከጎረቤት ተጣልቶ ያንን ጠመንጃ አንስቶ ሊወጣ ሲል፣ አባትየው መዝጊያውን መንጭቀው ወንዝ ከተቱት። የአባቱን ጠመንጃ ጎዶሎ ያደረገው እንግዲህ እሱ ነው። ይህን ማን ደፍሮ ይነግረዋል አትበሉ፤ እሷ ስትነግረው ነው የኖረችው። አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም እንጂ።

ሞርሳ ያገኘችውን ሰው ሁሉ የማውዘር መዝጊያ አፈላልግልኝ ማለት ጀመረች። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ማውዘሩ መንገድ ላይ ወድቆ ቀረና መዝጊያው ብቻ ደረሰ። አንድ ጠዋት የሰፈሩ አናጢ በጋሪ የእንጨት በር፣ ከነማጠፊያው፣ ጭኖ ሱቁ ደጃፍ ቆመ። መዝጊያ ተባልኩ መዝጊያ አመጣሁ፣ አልፈልግም ማለት ምን ማለት ነው ብሎ ወንድሟን አፋጠጠው። ሞርሳ ስቃ ስቃ ሆዷን ያዘች። ከዚያ ከመሳቢያዋ የሌላ ጠመንጃ መዝጊያ አውጥታ፣ የምፈልገው ይህን የመሰለ ነው ብላ አሳየችው። አናጢው አገላብጦ አየውና እንዲህ ያለውንማ የዶሮ ቤቴ መቀርቀሪያ አድርጌዋለሁ አለ።

በማግስቱ ኩሱ ሳይጠረግ አመጣው። አጥባ፣ ዘይት ቀብታ፣ ለክታ ገጠመችው፤ ጠቅ ብሎ ተዘጋ። ዘውዱም ዘመኑም አንድ ነው። ቁጥሩ ግን የሌላ ነው።

ወንድሟ ምን ችግር አለ አለ። በሞረድ ጥረጊውና የእኛን ቁጥር ምቺበት፣ ማን ያየዋል?

"እኔ" አለችው።

እንግዲያው የአባታችን ጠመንጃ በእሳት ሲቆረጥ ቆመሽ እዪው አላት። እዚህ ላይ አገኛት፤ ያ ጠመንጃ ሲቃጠል ከምታይ ዓይኗ ቢጠፋ ትመርጣለች። ግን ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። ዛሬ ለራሷ ቁጥር ፍቃ፣ ነገ የተሰረቀ ጠመንጃ ይዞ ፋቂልኝ የሚላትን በየትኛው አፏ ልትመልሰው ነው? ስትብሰለሰል ዋለች። በመጨረሻ ጀርመኖቹ ራሳቸው ያደርጉት የነበረው ትዝ አላት። በግምጃ ቤታቸው ዕቃ ሲቀይሩ የድሮውን ቁጥር አይፍቁትም፤ በላዩ አንድ መስመር አስምረው አዲሱን ከጎኑ ይመቱታል። ከሌላ መጣ፣ አሁን የዚህ ነው ማለት ነው። የተሰረዘውም ይነበባል፣ የተመታውም ይነበባል።

አሰመረች። መታች። ከዚያ ከጠንካራ ብረት የራሷን ማኅተም ቀረጸች፤ የሞርሳ ሁለት መንጋጋ። ወንድሟ ደርሶ አበድሽ እንዴ፣ ኮከቡን ምቺ ብሎ ጮኸባት።

"ሞቼ ነው ቆሜ" አለችና የራሷን ማኅተም መታችበት።

መዝገብ ቤቱ ሰፊ አዳራሽ ነው። በመስኮቱ በኩል፣ ግቢው ውስጥ፣ የበያጁ እሳት ይንጣጣል፤ አጠገቡ የተቆረጠ አፈሙዝ ተከምሯል። ወረፋው ውስጥ ደንበኞቻቸው ቆመዋል፤ ወንድሟም ክራቫቱን አሳምሮ ከፊቷ ቆሟል። መዝጋቢው መዝጊያውን በማጉያ መነጽር ደጋግሞ አየና ይህን የቀየረው ማነው አለ። ወንድሟ ተንተባተበ።

"እኔ ነኝ" አለች ሞርሳ። "መዝጊያው ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ነው። መቁረጥ ካለባችሁ ቁረጡት፤ ደብቃ ተገኘች ብሎ የሚጽፍ ካለ ግን እዚሁ እንተያያለን።"

መዝጋቢው መነጽሩን አስቀመጠ። ደንቡ ውስጥ አንድ መስመር አለች አለ፤ ጠጋኙ ራሱ ቀይሬያለሁ ብሎ ኃላፊነት ከወሰደ ጠመንጃው ይመዘገባል። እስከ ዛሬ ያልተሠራበት ቀይሬያለሁ የሚል ሰው ጠፍቶ ነው። ነገር ግን አንድ ጉዳት ቢደርስ እስር ቤት የሚገባው ጠጋኙ ነው። ከዚያ ወደ ባለ ክራቫቱ ዞረ።

"ሱቁ የእርስዎ አይደል? ጠጋኙስ እርስዎ ነዎት?"

ወንድሟ መስኮቱን አየ፤ በሩን አየ።

"እሷ ናት" አለ። "ሁሉንም የምትሠራው እሷ ናት። እኔ መፍታቱንም አላውቅበት።"

ወረፋው ላይ የቆሙት ደንበኞች ሁሉ ሰሙ። ያናገረው ፍርሃት እንደሆነ ሞርሳ ታውቃለች፤ ወንድሟን ታውቀዋለቻ! ታዲያ ዕድሜዋን ሙሉ በፍቅር ያልተባለላትን በፍርሃት ሲባልላት ልትመልሰው ነው እንዴ?

"ሰምተዋል አይደል?" አለችው መዝጋቢውን። "እሱ እንዳለው አድርገው ይጻፉልኝ።"

ተጻፈ። ጠመንጃውን ወንድሟ ሊሸከምላት እጁን ዘረጋ፤ አልሰጠችውም።