ከገደሉ አፋፍ በታች

ኸይራት በሞጣ ገበያ አጠገብ ልብስ ትሰፋለች። ቀኝ እግሯን ታነክሳለች። ጎረቤት ያለው የወፍጮ ሞተር ሲነሳ ስፌቷን ታቆምና ድምፁ እስኪረጋ ትጠብቃለች። ደንበኞቿ ምክንያቱን ስለሚያውቁ አይጠይቋትም።

ታላቅ ወንድሟ እንድሪስ በርና መስኮት እየበየደ የሚተዳደር ሰው ነበር። ከሥራ ሲወጣ ግን ከአሮጌ ቮልስዋገን በተነቀለ ሞተር አውሮፕላን ይሠራ ነበር። የክንፉን ሸራ የሰፋችው ኸይራት ናት። አልቆ ሲሞከር እንድሪስን ይዞ ከመሬት አልላቀቅ አለ። ደጋው ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ይታፈናል፣ ክንፉም የሚደግፈው ያጣል። ቀጭኗ ኸይራት ስትቀመጥበት ግን ተነሳ። ሜዳው ላይ ብድግ ብላ ማረፍን ለመደች፤ ሜዳውን የከበቡትን ባሕር ዛፎች የሚያሳልፍ ከፍታ ግን አላገኘችም።

«ወደ የጁቤ እንውሰደው» አላት እንድሪስ። «ከዓባይ ገደል አፋፍ ከተነሳሽ መውጣት አያስፈልግሽም። መሬቱ ራሱ ይወርድልሻል።»

ወዳጁ የፊዚክስ መምህሩ ሀብተ ሥላሴ ይህን ሲሰማ «መመለሻውስ?» አለ። «ማንኛውም አውሮፕላን የማያልፈው ጣሪያ አለው። የዚህ ጣሪያ ከአፋፉ በታች ቢሆንስ?»

«በጠዋት ብርድ ነው የምትነሳው፣ መምህር። አየሩ ይወፍርላታል፣ ኢንሻ አላህ።»

ኸይራትም መብረር ፈልጋለች። ማንም አላስገደዳትም።

ከአፋፉ ተነሳች። መሬቱ ከሥሯ ድንገት ሲጠፋ በደስታ ጮኸች። ወዲያው ቁልቁል የሚነፍስ ነፋስ ያዛትና ገደሉ ውስጥ ሰመጠች። እታች ሞተሩ በረታ፤ እየዞረች ሽቅብ መውጣት ጀመረች። ወደ አፋፉ በቀረበች ቁጥር ግን ጉልበቱ ይከዳዋል። ፀሐይዋም አየሩን አሙቃ ይበልጥ አሳሳችው። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ቀና ስታደርገው ይንቀጠቀጣል፣ ስታዘነብለው ይወርዳል። ከአፋፉ ጥቂት ዝቅ ብላ እዚያው ከፍታ ላይ ቀረች።

በዞረች ቁጥር እንድሪስን ታየዋለች። ገደሉ ጫፍ ላይ ከመምህሩ አጠገብ ቆሞ እጆቹን እያወናጨፈ ይጮኻል። ሞተሩ ቃሉን ዋጠው። «ነይ፣ ነይ» የሚላት መሰላት። ቤንዚኑ እስኪያልቅ ታገለች።

ሞተሩ ሲጠፋ ወንዙ ዳር አሸዋ ላይ ወደቀች። እግሯ ተሰበረ፤ ነፍሷ ተረፈች። ክንፉ ሥር ተጋድማ ወንድሟን ስትጠብቅ ገበሬዎች ደረሱላት።

«ወንድሜስ?»

እያነሷት ነገሯት። እንድሪስ ሞተሩ ዝም ሲል ሞታለች ብሎ በገደሉ ቁልቁል ሮጦ ነበር። ድንጋዩ ከዳውና ወድቆ ሞተ።

እግሯ ሲጠገን መምህሩ ሊጠይቃት መጣ። «አጠገቡ ነበሩ» አለችው። «ምን ነበር የሚለኝ?»

ሀብተ ሥላሴ አቀረቀረ። «‹ውረጂ› ነበር የሚልሽ። ‹ሞተሩ ሳይጠፋ ውረጂ፣ አሸዋው ላይ እረፊ።›»

ይህን ለእናቷ ለዘሚራ ነገረቻቸው። እናቷ ፊቷን በእጃቸው ይዘው «ወደሱ ልትመለሺ ነበር የፈለግሽው፣ ልጄ» አሏት። ኸይራት ግን አልተጽናናችም።

በሕልሟ አትወድቅም፤ ትዞራለች። እንድሪስ ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ከበላይዋ ቆሟል። አሁን ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማታል፤ ውረጂ ይላታል። እሷ ግን ፊቱን እያየች፣ ሽቅብ ለመውጣት መሪውን ወደ ራሷ ትስባለች።