የፀሐይ ችካል

ችካል በመዶሻ ሲመታ የሚያወጣውን ድምፅ ከሌላ እንጨት ድምፅ ለይቼ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ደረቅ ነው። ጫፉ አፈሩን እየያዘ ሲሄድ ይወፍራል፤ በመጨረሻ በጆሮ ሳይሆን በእግር ይሰማል። ባለፈው ሳምንት የመንገድ ቀያሾች በደጃችን ሲተክሉ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ሦስተኛው ችካል ላይ ሲደርሱ መቀመጥ አቃተኝ። ወጣሁና ባለ ሦስት እግሩን መሣሪያ የሚያየውን ጎረምሳ "ስንት ወጣ?" አልኩት።

"ገና ነው አባባ፤ መሣሪያው ራሱ ይቆጥራል" አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ወደ ቤት ስመለስ ፊቴን አይተሽ ሳቅሽ። "አባባ፣ ችካል ይፈራሉ እንዴ?" አልሽኝ።

እፈራለሁ፣ ልጄ። ምክንያቱን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእናትሽም።

ጊዜው ንጉሡ በዙፋን ላይ የነበሩባቸው የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። መካነ ሰላም ያኔ ክረምት ሲገባ የጭነት መኪና ለሳምንታት የማይደርስባት ትንሽ ከተማ ነበረች። እኔ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ከገበያው ጫፍ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ሰዓትና ራዲዮ እጠግን ነበር። ያስተማረኝ ሰው የለም። ፈትቼ፣ አበላሽቼ፣ ባለቤቱ ሳይመጣ ልገጥመው ስታገል ነው የተማርኩት። ሃያ ዓመት አልሞላኝም፤ ትዕቢቴ ግን የሦስት ሰው ነበር።

በከተማው ትምህርት ቤት ሳይንስ የሚያስተምሩ አንድ መምህር ነበሩ። ከሐረር በኩል የመጡ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ሰው ናቸው። ከእኔ ቢበልጡ በስድስት ዓመት ነው። ቢሆንም እኔ "እርስዎ" እላቸዋለሁ፣ እሳቸው "አንተ" ይሉኛል። ያ "አንተ" ደስ ይለኝ ነበር። ሰፈርተኛው "ባትሪው" እያለ ሲጠራኝ፣ እሳቸው "አንተ መሐንዲስ፣ ዛሬ ምን ፈታህ?" እያሉ ነበር የሚገቡት።

አገሩ የተመለሰ አንድ የውጭ አገር መምህር የተወላቸው፣ ክንድ የምታህል ቴሌስኮፕ ነበረቻቸው። ሌሊት ሜዳ ላይ መገኘት ለወሬ ይዳርጋል ብለው ፀሐይን ያዩባት ነበር። በቀጥታ በዓይን አይደለም፤ "በዓይንህ ካየህባት ዓይንህን ትወስደዋለች" ብለው አስጠንቅቀውኛል። ከቴሌስኮፗ በስተኋላ ነጭ ወረቀት ያስራሉ፤ የፀሐይ ምስል እንደ ብርጭቆ አፍ ክብ ሆኖ ያርፍበታል። ክቡ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች አሉ። መምህሩ እነዚያን ነጥቦች በእርሳስ ሊስሉ ይፈልጋሉ፤ ምስሉ ግን አይቆምላቸውም። አንዱን ስለው ወደ ሁለተኛው ሳይዞሩ ፀሐይ ከወረቀቱ ጠርዝ ተንሸራታ ትወጣለች።

"የሚከተላት ነገር ብናገኝ" አሉ አንድ ቀን።

"እኔ እሠራልዎታለሁ" አልኩ፣ እንዴት እንደሚሠራ ሳላውቅ።

ሁለት የዋንዛ ሳንቃ እንደ መጽሐፍ እንዲከፈቱ አድርጌ በበር ማጠፊያ አጋጠምኩ። የታችኛው በሦስት እግር ላይ ተቀመጠ፤ የላይኛው ቴሌስኮፗን ተሸከመ። በመካከላቸው ረጅም ብሎን አስገባሁ። ብሎኑ ሲዞር የላይኛው ሳንቃ በዝግታ ይነሣል፤ ቴሌስኮፗም ከፀሐይ ጋር ወደ ምዕራብ ታዘነብላለች። የሚያዞረው ከተሰበረ የሸክላ ማጫወቻ ያወጣሁት፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሞተር ነበር። ሞተሩ ይሮጣል፤ ፀሐይ አትሮጥም። ስለዚህ የሁለት ደወል ሰዓት ጥርሶች በመካከል ደረደርኩ፣ የሞተሩ ሩጫ ብሎኑ ጋ ሲደርስ በደቂቃ አንድ ዙር እስኪሆን ድረስ። ሦስት ሳምንት ክፍሌ የልብስ ስፌት መኪና ዘይትና የቀለጠ ቆርቆሮ ሲሸት ከረመ። ሞተሩ ሲነሣ ድምፁ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ንብ ይመስል ነበር።

በትምህርት ቤቱ ግቢ ሞከርነው፤ ፀሐይ እንደ ድሮዋ ሸሸች። እኔ ጥርሶቹን ጠረጠርኩ። መምህሩ ግን ሥራውን የቀዳሁበትን የውጭ አገር መጽሐፍ ገልጠው ብዙ ካዩ በኋላ ሳቁ። በመጽሐፉ ላይ ማጠፊያው ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ተስሏል፤ እኔም እንደ ሥዕሉ አድርጌ ነበር።

"ይኼን የጻፈው ሰውዬ የሰሜን ኮከብን በአገሩ አንጋጦ ነው የሚያያት። እኛ ጋ ከተራራው ጫፍ ላይ ነው የምትቀመጥ። የሌላ አገር ሰማይ ተሸክመህ መጥተህ ነው።"

ማጠፊያውን ወደ መሬት እስኪቃረብ ዝቅ አደረግነው። አንድ ነገር ቀረ፤ ማጠፊያው በትክክል ወደ ሰሜን መዞር ነበረበት። ለዚያ ሜዳ ያስፈልጋል። አንድ እንጨት ይተከላል፤ የጠዋት ጥላው ጫፍ ላይ ችካል ይመታል፤ ከሰዓት በኋላ ጥላው እኩል ሲረዝም ሌላ ችካል። የሁለቱ እኩሌታ ሰሜን ነው። መምህሩ መስመሩ በረዘመ መጠን ስሕተቱ ያንሳል ስላሉ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ገብሱ የታጨደበት አንድ ሰፊ መሬት አየሁና ከላይ እስከ ታች ችካል ተክዬ ሲባጎ ወጠርኩበት። መሬቱ የአንዲት ባልቴት ነበር። አላስፈቀድኩም። ማስፈቀድ እንዳለብኝም አልታሰበኝም።

ከዓባይ ማዶ ቀላድ ጣዮች መሬት ሊለኩ መጡ፣ ጥይት ተተኮሰባቸው፣ ግብር ሊጨመር ነው የሚለው ወሬ እኔም ጆሮ ደርሷል። በየገበያው፣ በከላላም በደጎሎም፣ ሰው የሚያወራው ያንኑ ነበር። ግን እኔ የምለካው ፀሐይን ነበርና ወሬው እኔን የሚመለከት አልመሰለኝም። አየሽ፣ ንጹሕ ነኝ የሚል ሰው ነው የማይጠነቀቅ።

ሁለተኛውን ጥላ እየጠበቅሁ ሳለ ባልቴቲቱ ከሲባጎው ወዲያ ማዶ መጥታ ቆመች። አልተሻገረችውም። የገዛ መሬቷ ላይ፣ አንድ ክር ፊት።

"አሰላሙ አለይኩም፣ የኔ ልጅ" አለች።

"ወአለይኩም ሰላም፣ እማማ።"

እኛ ክርስቲያኖቹም እንደሷ ላለ ሰው እንዲያ ነው የምንመልስ። ችካሎቹን ከላይ እስከ ታች አየችና "ስንት ወጣ?" አለችኝ።

ስለ መስመሩ የጠየቀችኝ መሰለኝ። ደስ አለኝ፤ ስለ ሥራዬ የጠየቀኝ ሰው አልነበረማ። "ገና ነው፣ እማማ" አልኩ ቀና ሳልል። "ነገ መሣሪያውን እናመጣለን። እሱ ራሱ ይቆጥራል።"

"ራሱ?"

"ራሱ። አይሳሳትም።"

"ያ አላህ" አለች በቀስታ። ስትሄድ የገብሱ አገዳ ከእግሯ ሥር ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። አካሄዷ የቸኮለ ነበር። አየሁ፤ አልጠየቅሁም።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ መሣሪያውን ተከልን። ሞተሩ ተነሣ። የፀሐይ ምስል ወረቀቱ ላይ ዐረፈ፤ ዐርፎም ቀረ። መምህሩ እርሳሳቸውን ይዘው አንድ ነጥብ ሣሉ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። አልተንቀሳቀሰም። "አንተ" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሡ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ያንን የቆመ ብርሃን አይ ነበር። ለሩብ ሰዓት ያህል እንዲያ ሆንን። ከዚያ ወዲህ በሕይወቴ ብዙ ነገር ተሳክቶልኛል፤ እንደዚያች ሩብ ሰዓት ያለ አላየሁም።

ቀና ያልኩት ወፎቹ ዝም ስላሉ ነው። በመሬቱ ላይኛ ጫፍ ሰዎች ቆመው ነበር። ሃያ ይሆናሉ። ዱላ የያዙ ናቸው፤ አንደኛው ጠመንጃ አንግቷል። አይጮሁም፤ አይነጋገሩም። እየወረዱ መጡ። መዶሻውን አነሣሁ። መልሼ ጣልኩት።

ሲደርሱ ከበቡን፤ ከቴሌስኮፗ አፍ ፊት ለፊት ግን ማንም አልቆመም። እዚያ በኩል ክቡ ክፍት ነበር። ፈርተዋት ነው። እንደ እኔ ይፈራሉ ብዬ ግን አላሰብኩም።

"ማነው የላካችሁ?" አለ ባለ ጠመንጃው።

"ማንም አልላከንም" አሉ መምህሩ። "ፀሐይን ነው የምናይ።"

"ፀሐይም ልትገብር ነው?" አለ አንዱ ከኋላ፤ ጥቂቶች ሳቁ። ሳቁ የባሰ አስፈራኝ።

"ፀሐይ የምታይ ከሆነ ችካሉ ምንድነው? ፀሐይ መሬት ላይ ነው የምትታሰር?" ባለ ጠመንጃው መምህሩን በኮታቸው ኮሌታ ያዘ። ክሩ ሲተረተር ተሰማ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አንተ የዚህ አገር ልጅ ነህ፤ አባትህን አውቀዋለሁ። ችካሉን የተከለ ማነው?"

የተከልኩት እኔ ነኝ። መዶሻው እግሬ ሥር ወድቆ ነበር።

"እሱ ነው" አልኩ። ጣቴን ወደ መምህሩ ቀሰርኩ። "እኔ ባትሪ ሠሪ ነኝ። እሱ ነው ያዘዘኝ።"

እሳቸው አላዘዙኝም፤ መሬቱን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ከዚያም በላይ፣ ልጄ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በሌሉበት እንኳ "እሳቸው" እንጂ "እሱ" ብያቸው አላውቅም። ያን ቀን ፊታቸው ቆሜ "እሱ" አልኩ፤ ከእሳቸው ጋር እንዳልሆንኩ ሰዎቹ እንዲያውቁልኝ። መምህሩ አዩኝ። አልተቆጡም። የማያውቁት ሰው መንገድ ላይ ሲያጋጥማቸው እንደሚያዩት ነው ያዩኝ። ከዚያ "አዎ፣ እኔ ነኝ" አሉ።

በስምንት ዓመትሽ የክፍልሽን ጠመኔ ሰብረሽ "እሷ ናት" ብለሽ ጓደኛሽን ስትጠቁሚ ለሁለት ቀን ያላናገርኩሽ ትዝ ይልሻል? ስለ ጠመኔው አልነበረም። ያ ቀጥ ያለ ጣትሽ የእኔን መስሎኝ ነው። አንቺን መቅጣት ቀላል ነበር።

አንድ ዱላ ተነሣ። መምህሩ እጃቸውን ከቴሌስኮፗ ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያን ጊዜ ባልቴቲቱ ሰው እየገፋች ገባች። ሲባጎውን ረግጣ ነው የተሻገረች።

"ቆዩ እስቲ፣ ጀመዓ። መሬቱ የኔ አይደለም? ልጠይቀው።" ወደ መምህሩ ዞረች። "ልጄ፣ ስንት ወጣ?"

"ምኑ ነው፣ እማማ?"

"መሬቴ። ያ ልጅ ነገ መሣሪያው ይቆጥራል አለኝ። ሌሊቱን አልተኛሁም። ልጆቼ እኮ ይችኑ ነው የሚበሉ።"

መምህሩ የተቀደደ ኮሌታቸውን አስተካክለው ወረቀቱን አሳዩዋት። "እማማ፣ ይቺ ፀሐይ ናት። ይኼ ሞተር እሷን ብቻ ይከተላል። ችካሉ ሰሜንን ለማወቅ ነው፤ ሳናስፈቅድዎ መትከላችን ጥፋት ነው። ይቅር ይበሉን።"

"ሳናስፈቅድ" አሉ። "ሳያስፈቅድዎ" ማለት ይችሉ ነበር።

ባልቴቲቱ ጎንበስ አለች። ያ ሁሉ ሰው ሲከበን፣ ኮሌታ ሲያዝ፣ እኔ ስክድ፣ ሞተሩ ሥራውን አላቋረጠም ነበር። ፀሐይ ከወረቀቱ መካከል አልተነቃነቀችም። እጇን በክቡ ብርሃን ውስጥ አስገባች፤ ጥቁሮቹ ነጥቦች የመዳፏ ጀርባ ላይ ዐረፉ።

"አትሄድም እንዴ?"

"ትሄዳለች። አብሯት እየሄደ ነው።"

"መሬቴንስ አይከተልም?"

"አይከተልም፣ እማማ።"

ቀና አለችና ሰዎቹን "አብሽሩ፣ አብሽሩ፤ አይዟችሁ። ወደ ቤታችሁ ግቡ" አለቻቸው። ዱላው ወረደ። ከዚያ እኔን አየች። እየተንቀጠቀጥኩ ነበር። ወደ እኔ መጥታ ትከሻዬን ያዘች። "አንተስ ምን ሆነሃል? አብሽር፣ የኔ ልጅ፣ አብሽር።" በዚያ ሜዳ ላይ ያ ቃል የማይገባው አንድ ሰው ነበር፤ የደረሰውም ለእሱ ነው።

ችካሎቹን ስነቅል አብራኝ ሰበሰበች። "ሌሊት ነቅዬ ላነዳቸው መጥቼ ነበር" አለችኝ። "ፈራኋቸው። መንካቱንም ፈራሁ።" አሥራ አንድ ችካል ነበሩ፤ ራሴ የጠረብኳቸው፣ የባሕር ዛፍ እንጨት።

ሰዎቹ ቢመለሱም ወሬው አልተመለሰም። መምህሩ በገበያ ሲያልፉ ሰው ሰላምታውን ያሳጥር ጀመር። የትምህርቱ ዘመን ሲያልቅ ዝውውር ጠየቁ ተባለ። እኔ ወደ እሳቸው ለመሄድ በየቀኑ አስብ፣ በየቀኑ ሥራ አገኝ ነበር። የሄዱ ዕለት ወደ ደሴ በሚሄደው የጭነት መኪና ላይ ከገብስ ጆንያዎች መካከል ተቀምጠው አገኘኋቸው። የኮታቸው ኮሌታ በሌላ ቀለም ክር ተሰፍቷል። "ይቅርታ" የሚለውን ቃል ይዤ ነበር የሄድኩ። መኪናው ገና ሳይነሣ እሳቸው ቀደሙኝ፤ ጎንበስ ብለው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሰጡኝ። የሸክላ ማጫወቻው ሞተር ነበር።

"ዘይት አይንፈጉት" አሉኝ። "ከነዘይቱ ከተቀመጠ ብዙ ዘመን ያገለግልዎታል።"

አልኩሽ እኮ፤ ከዚያ በፊት "አንተ" ነበር የሚሉኝ። የመኪናው አቧራ እስኪወርድ ድረስ እዚያው ቆምኩ፣ ከበሬታውን እንደ ታቀፍኩ።

ከአልጋዬ ሥር ያለውን የቆርቆሮ ሣጥን ምን እንዳለበት ስትጠይቂኝ "ዕቃ ነው" እልሽ ነበር። በየዓመቱ ጥር ላይ አውጥቼ ዘይት አደርግለታለሁ። አሁንም ሁለት የባትሪ ድንጋይ ሲነካ ይነሣል። ባለፈው ሳምንት ቀያሾቹ ከሄዱ በኋላ ያን ድምፅ ሰምተሽ "ቤት ውስጥ ንብ ገብቷል" ያልሽው እሱ ነው።