አንገታቸው የተቆረጠ አበጋዞች

በሉካንግ ከተማ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ በምትጠማዘዘው ጠባብ መንገድ ላይ፣ የሺ ቤተሰብ ፎቶ ቤት አለ። በሩ ሁለት ነው። በግራው የገባ ሰው ለመታወቂያ ፎቶ ይነሣል፤ በቀኙ የገባ ድረ ገጽ ያሠራል። በግራው የሚገባ ከጠፋ ቆይቷል። የሁለቱም ባለቤት አሉዋን ናት፤ ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት፣ ትዳር ያልያዘች፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ሳቅ ሲመጣባት አፏን በመዳፏ የምትሸፍን ሴት።

ድረ ገጽ መሥራት የጀመረችው ሰው ሁሉ በየስልኩ ፎቶ አንሺ የሆነ ጊዜ ነው። ቢላዋ አንጥረኛው መጣ፤ ዕጣን ሠሪው መጣ፤ ባለ ኑድል ቤቷ መጣች። ሁሉም የሚሏት አንድ ነገር ነበር፤ "ፎቶዎቼን ደርድሪልኝ።" ጽሑፉን ማን ያነበዋል? ፎቶ ግን ዓይን ይጠራል። አሉዋንም ትደረድራለች። ፎቶ እንደ ሰው ነው፣ ጎረቤቱ ያሳምረዋል ወይም ያከስለዋል ብላ ታምናለች። የቢላዋውን ስለት ከተጠበሰ ዓሣ አጠገብ ታስቀምጠዋለች፤ ከአንጥረኛው ልጅ ጣት አጠገብ ግን አታስቀምጠውም። ትልቁን ፎቶ ከኋላ ትደብቃለች፤ ከባድ ስለሆነ፣ የኢንተርኔት መስመሩ የደከመ እንግዳ እስኪከፈትለት ደጅ ቆሞ ቆሞ ይሄዳልና። ከፊት ትንንሾቹን ትሰቅላለች። ትንሹን የነካ ትልቁ ይከፈትለታል። ሥራዋ ይኸው ነው።

አባቷ ሺ ሙሼንግ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። የባሕር እናት የምትባለዋ እንስት አምላክ ከገበያው ጀርባ ካለችው ትንሽ ቤተ መቅደሷ በየዓመቱ፣ በጨረቃ አቆጣጠር በሦስተኛው ወር፣ ለዑደት ስትወጣ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ካሜራቸውን አንግተው ከፊት ከፊቷ ወደ ኋላ እየተራመዱ ያነሡ ሰው ናቸው። ቤተ መቅደሷ በየዓመቱ ሁለት ሦስት ፎቶ ትወስድ ነበር። የቀረው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተኛ። ኋላ የሽማግሌው ዓይን ጉም ለበሰ፤ ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ፊት አይለዩም። አንድ ቀን የወፈረ የኑድል ሾርባቸውን እየጠጡ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣

"ፎቶዎቼን እኔስ አላያቸውም እንበል፤ ሳልሞት ሌላ ሰው ቢያያቸው ምን ነበረበት?" አሉ። ማንኪያቸውን ወደ ሾርባው መለሱ። ነገሩን ደግመው አላነሡትም።

አሉዋን ግን ቃሉን አልረሳችውም። የቤተ መቅደሷ ሊቀ መንበር፣ ኮ የሚባሉት፣ ከሰፈሩ የተሰደዱት ልጆች በስልካቸው በዓሉን እንዲያዩ ድረ ገጽ ያስፈልገናል ሲሉ ሰምታ ሄደች። የአባቷን ፎቶዎች የያዘ ጋለሪ ልሠራ አለች።

"መልካም" አሉ ሊቀ መንበሩ። "ግን እናታችን ትጠየቅ።"

በዚያ ቤት፣ እናታችን የሚሏት የባሕር እናት ሳትጠየቅ የሚደረግ የለም። ጣሪያ ሲታደስ ትጠየቃለች፤ የመጥረጊያ ማስቀመጫው ቦታ ሲለወጥ እንኳ ትጠየቃለች። አጠያየቁ በሁለት የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ባላቸው ቀይ እንጨቶች ነው፤ ባንድ ወገን ጠፍጣፋ፣ በሌላው ጎባጣ ናቸው። ይጣላሉ። አንዱ በጀርባው ሌላው በሆዱ ካረፈ እሺ ነው፤ እሺታውም ሦስት ጊዜ ተከታትሎ መምጣት አለበት። ሁለቱም ጎባጣቸውን ወደ ላይ አድርገው ከተደፉ እምቢ ነው። ሁለቱም ጠፍጣፋቸውን ለሰማይ ሰጥተው ከተወዛወዙ፣ እናታችን ስቃለች ይባላል፤ መልሱ ገና ነው።

አሉዋን ክረምቱን ሙሉ ፊልሞቹን ስካን ስታደርግ ከረመች፤ አራት መቶ ዐሥራ ሁለት መረጠች። ሁሉም እኩል በእኩል፣ አራት ማዕዘን ሆነው የሚደረደሩበትን አቀራረብ ወደደች። በፋኖሶቹና በከበሮዎቹ ፎቶ ሞከረችው፤ አማረ። የቀሩትን ከቤተ መቅደሷ ኮሚቴ ጉባኤ በፊት ባለው ቀን ጫነችና፣ ትልልቆቹ በደንብ መከፈታቸውን ብቻ አይታ ኮምፒውተሯን ዘጋች።

በማግስቱ ጠዋት ዐሥራ ሁለቱ የኮሚቴ አባላት ሻይና የለውዝ ከረሜላ ይዘው በአዳራሹ ተቀመጡ። ግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን በራ።

የእናታችን ጠባቂ አበጋዞች፣ ሩቅ ተመልካቹና ነፋስ አድማጩ፣ በዑደት ቀን ከሁለት ሰው ቁመት በላይ የሆኑ፣ ውስጣቸው ባዶ ምስሎች ናቸው። ወንዶቹ ውስጣቸው ገብተው በትከሻ ይሸከሟቸዋል፤ መንገዱንም በአበጋዞቹ ሆድ ላይ ባለች ትንሽ መስኮት ያያሉ። ትንንሾቹን ፎቶዎች የሚሠራው የኮምፒውተሩ ማሽን እያንዳንዱን ፎቶ ከመሐሉ አራት ማዕዘን አድርጎ ቆርጦታል። ከላይ ያለው ጭንቅላት ሄዷል፤ ከታች ያለው እግር ሄዷል። የቀረው ሆድ ነው፤ ከሆዱም መስኮት ያላበው የተሸካሚ ፊት ብቅ ብሏል። ሆድ፣ ሆድ፣ ሆድ፤ ረድፍ በረድፍ።

"ኧረ ጉድ!" አሉ አክስት ሚያን። የመሠዊያውን አበባ የሚቀይሩ፣ የእንጨቶቹን አወዳደቅ ከማንም በላይ የሚያውቁ አሮጊት ናቸው። "አንገታቸውን ቀንጥሳ ጣለቻቸው!"

"ያ ከሆዱ ውስጥ የሚያየን ወንድሜ አይደል?" አለ አንዱ ከኋላ። "ምነው ደህና ፎቶ እንኳ ብትመርጡለት!"

"ሲነኩት ሙሉው ይከፈታል፣ አክስት ሚያን" አለች አሉዋን፤ ጆሮዋ ቀልቷል።

"እና ነክቼ ነው ለአበጋዙ ጭንቅላት የማበቅልለት?"

ሊቀ መንበር ኮ ግን አልሳቁም። ተንበረከኩ፤ እንጨቶቹን ጣሉ። ሁለቱም በጀርባቸው ተኝተው እንደ ጀልባ ተወዛወዙ። "ሳቀች" አሉ አክስት ሚያን። ሊቀ መንበሩ ደግመው ጣሉ። ሁለቱም ተደፉ።

"እምቢ ብላለች" አሉ ሊቀ መንበሩ ጉልበታቸውን እያራገፉ። "በታይቹንግ ከተማ ይህን የሚሠራ ድርጅት አለ። የዘንድሮውን ዑደት በአዲስ ካሜራ ያነሡታል፤ አሮጌ ፎቶ አንፈልግም ብለዋል። ስምንት ቀን ልስጥሽ። ያኔም እምቢ ካለች ሥራው የእነሱ ነው።"

አሉዋን ቤቷ ስትደርስ ወሬው ቀድሟት ገብቷል።

"አንገት ቆረጥሽ አሉ" አሏት አባቷ።

"ማሽኑ ነው፣ አባዬ።"

"ማሽኑንስ ማን ቀጠረው?"

አፏን በመዳፏ ሸፈነች፤ ሳቅ ግን አልነበረም።

ይህ አቋራጭ የለውም። አራት መቶ ዐሥራ ሁለቱን አንድ በአንድ እየከፈተች፣ ፊቱ ያለው እዚህ ጋ ነው እያለች ለማሽኑ ነጥብ ታስቀምጥለት ጀመር። ረጃጅሞቹን ከአራት ማዕዘኑ አውጥታ ረጅም ቦታ ሰጠቻቸው፤ ረድፉም እንደ አሮጌ የድንጋይ አጥር ወጣ ገባ አለ። አባቷ አጠገቧ ተቀምጠው የጣቷን ድምፅ ይሰማሉ። በሦስተኛው ቀን፣

"በምን ተራ ነው የደረደርሻቸው?" አሉ።

"አዲሱ ከፊት፣ አሮጌው ከኋላ።"

"መንገድ ዳር ቆመሽ ዑደት አይተሽ አታውቂም? ቀድሞ የሚመጣው ማነው?"

"ነጋሪው ነዋ። የአንድ እግሩን ሱሪ ጠቅልሎ፣ ጃንጥላውን ይዞ፣ የነሐስ ደወሉን እየመታ።"

"ከዚያስ?"

"ፋኖሶቹ። ከዚያ ከበሮው፣ ከዚያ አበጋዞቹ። እናታችን በዙፋኗ መጨረሻ።"

"ታዲያ ሰው ደጁ ላይ እንደቆመ ይለፉለታ፤ አንቺ ጅራቱን አስቀድመሽ ነው የምታሳልፊው።" ከዚያም ፋኖስ ያዥ ሴቶቹ ድሮ ይሉት የነበረውን፣ ዜማው ግማሹ የጠፋባቸውን፣ በለሆሳስ አንጎራጎሩት፤

ቀስ ብለሽ እለፊ፣ አትቸኩዪ በደጄ፣
ስንት ዘመን ቆምኩኝ ፋኖስ ይዤ በእጄ።

አሉዋን ሁሉንም አፍርሳ እንደገና ሠራችው። የአርባ ዓመት ነጋሪዎችን አንድ ላይ አሰለፈች። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ነጋሪ የነበረው አንድ ሰው ኖሮ፣ ከረድፍ ረድፍ ፀጉሩ እየነጣ፣ ባዶው እግሩ እየቀጠነ ይመጣል። ቀጥሎ ፋኖሶቹ፤ ከልጅነት እስከ እርጅና። ስልክ ይዞ በጣቱ ወደ ላይ የሚገፋ ሰው፣ ዑደቱ በፊቱ ሲያልፍ ያያል። እናታችንም አልቸኮለችም።

አንድ ነገር ቀረ። የሊቀ መንበሩ ፎቶ፣ ከባለሥልጣናት ጋር ሪባን ሲቆርጡ፣ በትእዛዛቸው ከሁሉም ፊት ነበር። በዑደቱ ተራ ሪባን የሚባል የለም። አሉዋን ሌላ ፎቷቸውን ፈልጋ አገኘች፤ በወጣትነታቸው ዕጣን ይዘው ከዙፋኑ ኋላ ሲሄዱ። የሪባኑን አውጥታ ይህን በተራው ቦታ አስገባችው። ሦስት መቶ ዘጠና ስምንተኛ።

በስምንተኛው ቀን ጉባኤው ተሰበሰበ። ሽማግሌው ሙሼንግም መጥተው በሩ አጠገብ በላስቲክ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ምስሎቹ ማለፍ ጀመሩ። ሰዎቹ ሻያቸውን ረሱ። "ይኼ የዕጣን ሠሪው አባት!" "ያቺ ቤት እኮ ፈርሳለች!" ሩቅ ተመልካቹ ሙሉ ቀንዱን ይዞ ሲመጣ ሦስቱ አጨበጨቡ።

ሊቀ መንበሩ ዙፋኑ እስኪመጣ ጠበቁ። "እኔስ የት ነኝ?"

"ከዙፋኑ ኋላ፣ ሊቀ መንበር። ዕጣን ይዘው።"

"ከሦስት መቶ ዘጠና ሰባት ፎቶ ኋላ?"

"እናታችን ራሷ ገና አሁን መድረሷ ነው" አሉ አክስት ሚያን። "አንተን ምን አስቸኮለህ?"

አዳራሹ ሳቀ። ሊቀ መንበሩ ፊታቸው ደም መስሎ ተንበረከኩ። "ድረ ገጹ ይከፈት ወይ?" አሉ ባጭሩ። ጣሉ። ሳቀች። ጣሉ። ሳቀች። ሦስተኛም ጣሉ፤ እንጨቶቹ በጀርባቸው ተወዛወዙ።

"እንግዲህ አልፈለገችውም" ብለው ተነሡ።

አሉዋን ወደ በሩ አላየችም። ኮምፒውተሯን ለመዝጋት እጇን ዘረጋች።

"ቆይ ቆይ" አሉ አክስት ሚያን። "ስለማን ነው የጠየቅካት? ስም አልጠራህ፣ ሰፈር አልጠራህ፣ የተወለደበትን ዓመት አልጠራህ። እኔ ለልጅ ልጄ ፈተና ስለምናት እንኳ የቤቱን ቁጥር ሳይቀር እናገራለሁ። እሷ የማንን ጉዳይ ትወቅልህ? ትስቃለች እንጂ!"

"ጉዳዩ የቤተ መቅደሱ ነው።"

"ፎቶዎቹን ያነሣውስ ሰው?"

በዚያ ቤት ስማቸው የሚጻፈው ዓምድ ያቆሙ፣ ጣሪያ የሰጡ ናቸው፤ የሠራ ሰው ስም ተጽፎ አያውቅም። በእናታችን ፊት የተጠራ ስም ግን አይካድም። ሊቀ መንበሩ ይህን ያውቁታል፤ ሌሎቹም ያውቁታል። ዐሥራ አንድ ሰው አተኩሮ አያቸው። ምሳ ሰዓትም ደርሶ ነበር።

እንደገና ተንበረከኩ። ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "ሺ ሙሼንግ። በዶሮ ዓመት የተወለደ። ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ቁጥር ዐሥራ ሰባት። አርባ ዓመት አንቺን ያነሣበት ፎቶ ለሰው ይታይ ወይ?"

አንዱ ተደፋ፣ አንዱ ተንጋለለ። እሺ። ደግመው ጣሉ። እሺ። በሦስተኛው አንዱ እንጨት የመሠዊያውን እግር መትቶ እየተንከባለለ ሄደ፤ ከአክስት ሚያን ነጠላ ጫማ ተደግፎም ቆመ። አሮጊቷ እግራቸውን ቀስ ብለው ሳቡ። እንጨቱም አረፈ። እሺ።

በዚህ ላይ እስከ ዛሬ ሰው የተለያየ ነገር ይናገራል። አክስት ሚያን ሲጠየቁ፣ "እኔ ከመጀመሪያው እዚያው ቆሜ ነበር። መጥቶ የነካኝ እሱ ነው" ይላሉ።

ጋለሪው በበዓሉ ዋዜማ ተከፈተ። ከነጋሪው በላይ በትንሽ ፊደል፣ ፎቶ አንሺ ሺ ሙሼንግ የሚል አለ። ሽማግሌው በየጠዋቱ ስንት ሰው እንዳየው ይጠይቃሉ፤ ቁጥሩ ሲነገራቸው እንደ አየር ትንበያ ያዳምጡታል። በአራተኛው ቀን ከካውሹንግ ከተማ ከአንዲት ሴት መልእክት መጣ። አሉዋን አነበበችላቸው፤ "ከፋኖስ ያዦቹ ከግራ ሦስተኛዋ እናቴ ናት። እኔ ሳልወለድ በፊት የተነሣችው ፎቶ አልነበረኝም። ትልቁን ማግኘት እችላለሁ?"

"ምን ለብሳለች?" አሉ ሽማግሌው።

"ሰማያዊ። ዝናብ ነው፤ ፋኖሱን በደረቷ ከልላዋለች።"

ሽማግሌው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አኖሩ። "ያን ቀን እኔም ካሜራዬን በደረቴ ነበር የያዝኩት" አሉ። "ላኪላት። የእናቷን ስምም ጠይቂያት።"

ስሙ መጣ፤ አሉዋንም ከፎቶው ሥር ጻፈችው። ያንን ያዩ ሌሎች ደግሞ አክስታችን፣ አያታችን፣ ጎረቤታችን እያሉ ይጽፉላት ጀመር። በወሩ መጨረሻ ከፎቶዎቹ ሥር ስልሳ አንድ ስም ነበር። አንዲት ፋኖስ የያዘች ልጅ ግን ሁለት ቤተሰቦች የኛ ናት ብለው ይከራከሩባታል፤ አንዱም አልረታ። አሉዋን ሁለቱንም ስም ጎን ለጎን ጽፋ ትታዋለች።