ምናለሽ ተራ መሬት ላይ ያስቀመጥኩት ወስፌ

ባጃጅ ከሚሴ በገባ ሰሞን አዲስ አበባ፣ ልጄ ዘንድ ከርሜ ነበር። ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ «እማ፣ ብቻሽን መርካቶ እንዳትሄጂ፣ ትጠፊያለሽ» ትለኛለች። እሺ እላታለሁ። ግን የጨፋን ሜዳ ከልጅነቴ ጀምሬ በእግሬ ሳቋርጥ፣ ባቲ ገበያ ድረስ ስወርድ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ግድግዳ እያየሁ መዋል ከየት ይምጣልኝ?

የዚያን ቀን ደግሞ ጉዳይ ነበረኝ። የእናቴ ወስፌ ጫፉ ተሰብሮብኛል። እጀታው የበሬ ቀንድ ነው፤ እናቴ አውራ ጣቷን ታሳርፍበት የነበረው ቦታ ጎድጉዷል፣ የኔም ጣት ልክ እዚያው ይገባል። የእኔም የልጄም የሰርግ ሞሰብ የተሰፋው በሱ ነው። ለልጅ ልጄ የጀመርኩት ሞሰብ ክዳኑ ቀርቶ ሰርጉ ደርሷል። በሌላ ወስፌ መጨረስ ይቻል ነበር፤ ሆዴ እምቢ አለ።

ሰው እየጠየቅሁ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ደረስኩ። አቤት የዚያ መንገድ ነገር! የዘይት ቆርቆሮው ምድጃ ሆኖ ይወጣል። የመኪናው ጎማ ጫማ ይሆናል። አንዱ የበርሜል ክዳን ቀጥቅጦ መጥበሻ ያደርገዋል፣ ከጎኑ ያለው ደግሞ የተረፈውን ፋኖስ ይሠራበታል። እኛ አገር አበቃለት ብለን የምንጥለውን እነሱ ገና መጀመራቸው ነው። ቆሜ ሳይ ተሸካሚዎቹ «ዞር በይ እማማ!» እያሉ ከወዲያ ወዲህ አንገላቱኝ።

ጢሙ ሸበት ያለ አንድ ብረት ቀጥቃጭ ፊት ቆምኩ። እኛ ዘንድ ወስፌም ሆነ መርፌ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም፣ ያጣላል ይባላል። ሰጪው መሬት ያስቀምጣል፣ ተቀባዩ ያነሳል። እኔም ከፊቱ አስቀመጥኩና ሰላምታዬን ጀመርኩ።

«እንዴት ዋልክ ልጄ? ልጆች ደህና? ከብቶቹስ?»

«ከብት የለኝም እማማ፤ ያሉኝ መዶሻዎች ናቸው፣ እነሱ ደህና ናቸው» ብሎ ሳቀ።

እኔም ስስቅ፣ በየሰፈሩ አሮጌ ዕቃ የሚሰበስብ አንድ ቁራሌ መጣና ማዳበሪያ ሙሉ ቁርጥራጭ ብረት ወስፌዬ ላይ ዘረገፈው።

«ያ ረቢ! ወስፌዬ!»

«የቱ ወስፌ?» አለ ቁራሌው። «እዚህ መሬት የነካ ሁሉ በኪሎ ነው የሚሸጠው እማማ! ለምን በእጅ አልሰጡትም?»

«እንዳንጣላ ብዬ ነዋ!»

«ይኸው አሁን ልንጣላ ነው።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን የእናቴ እጅ አብሮ የተቀበረ መሰለኝ። እዚያው ቁጭ አልኩ። ዓይኔ ሚስማሩን ከሽቦው መለየት አቃተው፤ ስለዚህ ጨፈንኩና በመዳፌ መፈለግ ጀመርኩ። ቁራሌው ፊቴን አይቶ መሰለኝ ሳቁን ተወ፤ በርከክ ብሎ ብረቱን አንድ በአንድ ያነሳልኝ ጀመር። ሁሉም ሻካራ፣ ሁሉም ዝገት። ምን ያህል እንደቆየን እንጃ፤ አውራ ጣቴ ድንገት ለስላሳ ጎድጓዳ ውስጥ ግብት አለ።

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ። ወስፌውን አውጥቼ ቀጥቃጩ ፊት መልሼ አስቀመጥኩለት።

ቀጥቃጩ የብስክሌት ጎማ ሽቦ ቆርጦ፣ ሞርዶ አሹሎ፣ ከቀንዱ ጋር ገጠመው። ሊያቀብለኝ እጁን ዘረጋና ትዝ ሲለው መለሰው። መሬቱን ጠረግ ጠረግ አድርጎ ወስፌውን አስቀመጠው፣ መዳፉንም እንደ ክዳን ደፋበት።

«ያንሱ እማማ፣ እኔ እየጠበቅሁት ነው» አለኝ፣ ቁራሌውን በጎን እያየ።

ከሚሴ ተመልሼ ክዳኑን ለሰርጉ አደረስኩት። የመጨረሻዋን ስፌት እንዳሰርኩ የልጅ ልጄን ጠራሁ፤ ወስፌውን መሬት ላይ አኖርኩላት። እሷ ደርሳ እስክታነሳው ድረስ መዳፌን አላነሳሁም።