ሜዳ ላይ የጠፋ ሞተር

የኦቦ ገቢሳ አውቶቡስ ሜዳ ላይ አድሮ አያውቅም። አምቦም ይሁን ጉደር፣ አፍንጫውን ወደ ቁልቁለት ደፍቶ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ተደርጎለት ነበር የሚያድረው። ቁልቁለት በሌለበት ተሳፋሪ ወርዶ ይገፋል። የቅቤ ነጋዴዋ አሰፋሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ እየገፋች፣ «በዚህ መኪና ሰው የሚሳፈረው እግሩን ሊያሳርፍ አይደለም» ትል ነበር።

ሆርዶፋ የዚህን አውቶቡስ ባለቤት ልጅ ወደደ። ወርቅቱ ጉደር ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ነበረች። እሱ አምቦ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ ባለች አንዲት ክፍል፣ የተቃጠለ ሞተርና ዲናሞ እንደገና ይጠመጥማል። በ1972 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሽማግሌ ሊልክ ማሰቡን ኦቦ ገቢሳ ሰሙና ሱቁ ድረስ መጡ።

«ሽቦ ጠምጣሚ ነህ አሉ።»

«አዎ፣ ኦቦ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ አውቶቡሴን ሜዳ ላይ አስነሣልኝ። ልጄን ለገፊ አልሰጥም፤ ገፊ ሞልቶኛል።»

«ቶሌ፣ እሺ» አለ ሆርዶፋ።

የአውቶቡሱ በሽታ ሶሌኖይዱ ነበር። ሶሌኖይድ ማለት እንደ ሸማኔ ቀሰም ባለ ባዶ ቱቦ ላይ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ነው። ሾፌሩ ቁልፉን ሲያዞር ከባትሪው የመጣው ኤሌትሪክ በሽቦው ይዞራል፤ ቀሰሙ ማግኔት ይሆንና የብረት ዘንግ ወደ ሆዱ ስቦ ይውጣል። ዘንጉ የሞተሪኖውን፣ የትንሹን ማስነሻ ሞተር፣ ጥርስ ከትልቁ ሞተር ጥርስ ጋር ያገናኛል፤ ለሞተሪኖውም ኤሌትሪኩን ይለቅለታል። ቁልፉ ሲለቀቅ ማግኔቱ ይሞታል፣ ሞላው ዘንጉን ወደ ቦታው ይመልሳል። የትምህርት ቤቱን የኤሌትሪክ ደወል የሚመታውም ይኸው ጉልበት ነው። ሆርዶፋ ይህን ስንት ዓመት ሲሠራ ኖሮ መገረሙን አልተወም። የማይታይ እጅ ብረት ይስባል፤ ልቀቅ ሲሉት ይለቃል።

መለዋወጫ በማይገኝበት ዘመን ሽቦውን ከሌላ አሮጌ ሞተር ላይ ፈታ። ወፍራሙን ቢመርጥ ቀሰሙ ላይ የሚያርፈው ዙር ያንሳል፤ ቀጭኑን ቢመርጥ ዙሩ ይበዛል፣ ኤሌትሪኩ ግን መንገዱ ይጠበዋል። መካከለኛውን መርጦ መጠምጠም ጀመረ። ግማሽ ላይ ሲደርስ የቀበሌው ጡሩምባ ተነፋ። ከስብሰባ መቅረት አይቻልም። የሽቦውን ጫፍ በክር አስሮ ሄደ፤ ጀርባው እስኪደነዝዝ ተቀምጦ፣ አጨብጭቦ ተመለሰና ጨረሰው።

ቅዳሜ ዕለት ጉደር፣ ኦቦ ገቢሳ ደጅ፣ ሜዳው ላይ ሰው ተሰበሰበ። ቁልፉ ዞረ። ሶሌኖይዱ ዝም አለ።

አሰፋሽ ነጠላዋን አጠበቀች። «ሙሽራው፣ ና ግፋ።»

ገፋ። ሲገፋም የኋላው ቆርቆሮ ጣቱን ሸረከተው።

ወርቅቱ ክሊኒክ ውስጥ ጣቱን ማሰር ጀመረች። መሀል ላይ በሽተኛ ጠራትና የፋሻውን ጫፍ አስይዛው ወጣች። ስትመለስ ወዲያው አልቀጠለችም፤ ጣቱን ጠጋ ብላ አየችው።

«ምን ታያለሽ?» አላት።

«በየት በኩል ሳዞር እንደነበር ነዋ። በሌላ በኩል ከቀጠልኩ ይፈታብኛል።»

ሆርዶፋ ፋሻውን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ሳቀ። «ቀበሌው ነው» አላት።

«ቀበሌው ምን አደረገህ?»

«ከስብሰባ ስመለስ ቀሰሙን ገልብጬ ነው የቀጠልኩት። ግማሹ ሽቦ ወደ ጌዶ ይስባል፣ ግማሹ ወደ አዲስ አበባ። ዘንጉ መሀል ቆሞ ማንን ይስማ?»

«ስለ ቀበሌ ቀስ ብለህ ተናገር» አለች፤ እሷም አፏን በፋሻው ሸፍና እየሳቀች ነበር።

ሱቁ ተመልሶ ሽቦውን ፈታው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዙር በአንድ አቅጣጫ፣ እጅ ለእጅ እንደተያያዘ ጭፈራ አድርጎ ጠመጠመው። ሰኞ ጠዋት አውቶቡሱ ላይ ሲያስገባው ተሳፋሪዎቹ በልማዳቸው ወርደው ከኋላ ተሰልፈው ነበር። ቁልፉ ዞረ፤ ቷ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ሞተሩ ተነሣ፣ አውቶቡሱም ገፊዎቹን ትቶ ሄደ። አሰፋሽ ቅቤዋ አውቶቡሱ ውስጥ ነበረና ከሁሉ ፊት እየሮጠች፣ «ባንገፋህ ጠላኸን?» ትል ነበር።

ኦቦ ገቢሳ ግን ማታ አውቶቡሱን እንደ ድሮው ቁልቁለት ላይ አቆሙት፤ ድንጋዩንም አደረጉለት። ሆርዶፋ ይህን ሰማ። ሶሌኖይዱን ያላመኑ ሰው እሱን ምን ብለው ያምኑታል? ቢሆንም ሽማግሌ ላከ።

ወደ ጉደር የሚሄድ ሌላ መኪና አልነበረምና እሑድ ከጸሎት በኋላ ሦስቱ ሽማግሌዎች ያንኑ አውቶቡስ ተሳፈሩ። መሪውን የያዙት ኦቦ ገቢሳ ሽማግሌዎቹ የት እንደሚሄዱ ያውቃሉ፤ ማወቃቸውን ማሳየት ግን ነውር ነው። ሽማግሌዎቹም ሾፌሩን እንደማያውቁ ሆነው በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያሉ። ከኋላ ወንበር አሰፋሽ ሳቋን በነጠላዋ አፍና ይዛለች።

አውቶቡሱ ቤቱ ደጅ ደረሰ። ኦቦ ገቢሳ ወደ ቁልቁለቱ አላዞሩትም። ለጥ ያለው ሜዳ መሀል ላይ አቆሙና ቁልፉን ጨበጡ።

ከዚያ ሞተሩን አጠፉት።

«ግቡ» አሏቸው ሽማግሌዎቹን። «ሲመሽ እኔው እመልሳችኋለሁ።»